የመስመሩ መጨረሻ ላይ ያለው ፓምፕ

ከፖርት ኦገስታ ከተማ በስተሰሜን በሚወስደው የአፈር መንገድ ላይ ጎማዬ ባይፈነዳ ኖሮ ክላሪ ቦውደንን አላገኛቸውም ነበር። እኔ የኤሌክትሪክ መስመር እቅድ አውጪ ነኝ፤ እሳቸው በመስመሩ መጨረሻ ብቻቸውን የሚኖሩ በግ አርቢ ናቸው። ጎማውን አብረን ቀየርንና ሻይ ጋበዙኝ። ለእኔ የሚሆነውን ኩባያ ከቁም ሣጥን አውጥተው አቧራውን አጠቡት።

«ሚስተር ቦውደን፣ መሬትዎ ጥግ ላይ የኤሌክትሪክ መሣሪያ ለመትከል የጠየቅንዎት እኛ ነን» አልኳቸው።

«ሚስተሩን ተወው። እምቢ ያልኩትም እኔ ነኝ። ኃይል ስጡኝ ስላችሁ ሳጥን ታመጡልኛላችሁ። ሙቀቱ ሲበረታ የውሃ ፓምፔ ያቃስትና ይቆማል። ዘንድሮም በጎቹ ውሃ ካጡ ሸጬ ከተማ የአረጋውያን መጦሪያ መግባቴ ነው። ትልቅ ሞተር ገዛሁ፣ ጭራሽ ባሰበት። ጎረቤቶቼንም ግዙ ብዬ መከርኩ።»

አልሳቅኩም። የደከመውን በብርቱ መተካት የዚያ አገር ሰው የኖረበት ዘዴ ነው።

«ሞተር ሁለት ነገር ይፈልጋል» አልኳቸው። «አንዱ ውሃ የሚገፋው ኃይል ነው። ሌላው በሞተሩ ውስጥ ማግኔታዊ ጉልበት ለመፍጠር ሄዶ የሚመለስ ነው፤ ተመላላሽ ኃይል እንበለው። ሞተሩ ትልቅ በሆነ ቁጥር ይህን አብዝቶ ይጠይቃል። ከሩቅ ጣቢያ ሲመላለስ ሽቦውን ያጨናንቃል፣ ቮልቴጁም ይወርዳል።»

«ሽቦውን አወፍሩታ።»

«ይቻላል፤ ግን ወጪው በእናንተው የመብራት ሂሳብ ላይ ነው የሚመጣው። ሳጥኑ ይህን ኃይል እዚሁ ያቀርባል። አውሎ ነፋስ ወደ አውራጃው ከሚመጡት ሁለት ዋና መስመሮች አንዱን ቢጥል እንኳ የቀረው ጭነቱን ይሸከማል። በየቤቱ መትከል ደግሞ ብክነት ነው። ስናሰላው ከሁሉ የሚጠቅመው የእርስዎ ጥግ ሆነ።»

«በዚሁ መስመር ለሚጠቀመው ማዕድን ማውጫ ብላችሁ እንጂ እኔን አስባችሁ ነው?»

«ለሁለታችሁም ነው።»

«ውሸት ብትነግረኝ ኖሮ አስወጣህ ነበር» አሉኝ። «ትከሉት።»

በቀጣዩ በጋ ተመልሼ ስሄድ ፓምፑ ሳያቃስት ይሠራ ነበር። አውራጃው አዲስ መስመር ከመዘርጋት ወጪ ድኗል፤ አንድ መስመር ቢቋረጥም መብራት አይጠፋም። ክላሪም በጎቻቸውን አልሸጡም። ፊታቸው ግን ደስታ አልነበረበትም።

«ፓምፑ ሲቆም ከጎረቤቴ ከኬልቪን ጋር በስልክ እየተማረርን እናመሽ ነበር» አሉ። «አሁን በምን ምክንያት ልደውል?»

«ጎረቤቶችዎ የገዙት ያ ትልቅ ሞተር አሁንም ያለ ጥቅም ቮልቴጁን ወደ ታች ይጎትታል» አልኳቸው። «ግዙ ብለው የመከሩት እርስዎ ነዎት፤ ልካቸው በሆነ አነስተኛ ሞተር እንዲለውጡትም የሚያስረዳቸው ሌላ ማን አለ?»

«ኬልቪን ግትር ነው። በአንድ ቀን አይገባውም።»

ይህን ብለው ወንበራቸውን ወደ ስልኩ ሳቡት።