ከበር በላይ የዋለ ስም

(ጎንደር፣ ቀትር ላይ። በብረት በር ሥራ የከበሩት ትርንጎና ታናሽ ወንድሟ ፈረደ፣ ለቤተ እስራኤል ወገኖቻቸው ባሠሩትና ነገ በሚመረቀው የጸሎትና የትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ ቆመዋል።)

ትርንጎ፦ እንጉዳይን ከበር የመለስካት አንተ ነህ ወይስ ዘበኛው?

ፈረደ፦ ዘበኛው ያለ እኔ ትእዛዝ ያስነጥሳል እንዴ? እኔ ነኝ።

ትርንጎ፦ ልጅ አዝላ ነው የመጣችው። ፀሐይ ላይ አስቁመሃታል።

ፈረደ፦ ጥላ ይተከልላት? እታለም፣ ይህ ቤት የተሠራው ለወገን ነው። እሷ ወገን አይደለችም።

ትርንጎ፦ የእማማ የአክስቷ ልጅ ልጅ ናት!

ፈረደ፦ ድሃ ሳለን የት ነበረች? ስሟም እንጉዳይ፣ እሷም እንጉዳይ። ዝናብ ጣለ ሲባል በቀለች።

ትርንጎ፦ ድሃ ሳለን እነሱም ድሃ ነበሩ። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ።

ፈረደ፦ አያቷ ተጠምቋል። ክርስትና ተነሥቶ፣ ማተብ አስሮ፣ መሬት ተቀበለበት። ዛሬ እኛ ቤት ሠራን ሲባል እስራኤልነታቸው ትዝ አላቸው። የተጠመቀ ዘር አይገባም ብያለሁ፣ አበቃ።

ትርንጎ፦ አባባ ፈረደ ብሎ ስም ቢያወጣልህ ዳኛ የሾመህ መሰለህ።

ፈረደ፦ የለፋሁበት ቤት ነው። ማን ይግባ ማን ይቅር የምለው እኔ ነኝ።

ትርንጎ፦ እኔስ? አንተ ጡት ስትጠባ ወናፍ ስነፋ የነበርኩት? የዚህ ቤት ብረት ከማን ጢስ የወጣ ነው?

ፈረደ፦ አንቺን ማን ከለከለሽ? ገብተሽ ቆመሻል።

ትርንጎ፦ ተመስገን! ጌታው ፈቀዱልኝ። ለመሆኑ ምን ፈልጋ እንደመጣች ጠየቅሃት?

ፈረደ፦ ዱቄት ይሆናል። ዘይት ይሆናል። እነዚህ ሌላ ምን ይፈልጋሉ?

ትርንጎ፦ ፊደል።

ፈረደ፦ ምን?

ትርንጎ፦ ፊደል ልትቆጥር ነው የመጣችው። ልጇ ታሞ መድኃኒት ሰጧት። ለቁስል የሚቀባውን አጠጣችው። ጠርሙሱ ላይ «አይጠጣም» የሚል ተጽፎ ነበር፣ በምን ታንብበው? ልጁን እግዜር አተረፈላት። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የላትም። ዕቃ ባነሣች ቁጥር የሚያነብላት ሰው ትፈልጋለች። «እትዬ ትርንጎ፣ ‘አይ’ የሚለውን ብቻ አሳዩኝ፣ ሌላው ይቅርብኝ» አለችኝ።

ፈረደ፦ ያሳዝናል። ሌላ ትምህርት ቤት ትሂዳ።

ትርንጎ፦ ሄዳ ነበር። እዚያ ፈላሻ አሏት። እዚህ ስትመጣ ደግሞ ክርስቲያን አልካት። የትኛው አገር ላይ ትቁም? በልጅነታችን ቡዳ እያሉ ከውሃ ጉድጓድ ሲያባርሩን እንስራዬን የያዝክልኝ አንተ ነበርክ። አሁን ተራው ደርሶህ አባራሪ ሆንክ።

ፈረደ፦ ነገሩ አልገባሽም። ነገ የእኛው ቄስ ምሕረቱ መጥተው ይባርካሉ። ከውጭ የሚመጡ እንግዶች አሉ። ፈረደ ለተጠመቀ ቤት ሠራ እንዲባል ትፈልጊያለሽ? ስም ከመቃብር በላይ ይውላል።

ትርንጎ፦ ያንተስ መቃብርም አልጠበቀ፣ ከበር በላይ ዋለ። የሰቀልከውን እብነ በረድ አይቼዋለሁ። ያንተ ስም ከአደባባዩ ማዶ ይነበባል። የኔን ለማየት መሰላል ያስፈልጋል።

ፈረደ፦ ቦታ ጠቦ ነው። ጥቅሱ ረዘመ።

ትርንጎ፦ ጥቅሱ ምን ይላል?

ፈረደ፦ «ቀኝህ የምትሠራውን ግራህ አትወቅ።» ስሚ እንጂ፣ ምን የመሰለ ቃል ነው!

ትርንጎ፦ ግራ እጅህ እንዳታውቅ ብለህ ለመላው ጎንደር በወርቅ ቀለም ነገርክ። ግራህ ብቻ ሳትሰማ ቀረች።

ፈረደ፦ ሳቂ፣ ሳቂ። የአባባ ቃል ነው። ለድሃ ገበሬ ማረሻ በነፃ ሲሰጥ ሁልጊዜ ይላት ነበር።

ትርንጎ፦ አባባስ ከየት አመጣት?

ፈረደ፦ ከኦሪት ነዋ!

ትርንጎ፦ ከየትኛው? ከዘፍጥረት? ከዘሌዋውያን?

ፈረደ፦ እኔ ቄስ ነኝ? አንዱ ጋ ትኖራለች።

ትርንጎ፦ ያለችው ማቴዎስ ጋ ነው።

ፈረደ፦ የቱ ማቴዎስ?

ትርንጎ፦ ወንጌላዊው! አንተ ሰው፣ በቤተ እስራኤል የጸሎት ቤት ግንባር ላይ ወንጌል ሰቅለሃል።

ፈረደ፦ ውሸት ነው በይኝ።

ትርንጎ፦ ከፋብሪካችን ጀርባ ያለው ደብር በድምፅ ማጉያ ሲሰብከው ስንት ጊዜ ሰማሁት። አንተ የብር ድምፅ ካልሆነ ጆሮህ አይገባም።

ፈረደ፦ ወይ ጉዴ! ይውረድ! የፋብሪካውን ሰዎች ጥሪልኝ። ካልሆነ ጨርቅ ይልበስ። እንግዳ ሳያየው… ቆይ፣ ቆይ። አባባ ወንጌል የት ሰማ?

ትርንጎ፦ ዛሬ ገና አንድ ቁም ነገር ጠየቅህ።

ፈረደ፦ ተናገሪ።

ትርንጎ፦ አባባ ተጠምቋል።

ፈረደ፦ ምን አልሽ?

ትርንጎ፦ «የቡዳ ማረሻ አንገዛም» ሲሉት ዕቃውን ይዞ እየተመለሰ፣ እኛም በባዶ ሆድ ስናድር ተጠመቀ። ከመንደር ሲወጣ አንገቱ ባዶ ነው። ገበያው ሲቃረብ ማተቡን ከኪሱ ያወጣል፣ እኔ ከኋላ አስርለታለሁ። ደብሩ ቅጽር ውስጥ ቆሞ መታየት ነበረበት። ያቺን ቃል እዚያ ሰምቶ ወደዳት። ጥሩ ቃል ናት፣ ማን ይጠላታል? ሲመለስ ወንዝ ይወርዳል፣ ማተቡን ይፈታል፣ ገላውን ይታጠባል። «ለታናሽሽ እንዳትነግሪ፣ አንገቱን ደፍቶ እንዳያድግ» ይለኝ ነበር።

ፈረደ፦ እማማ ግን… «አባታችሁ ሳይነጻ ቤት አይገባም» ትለኝ ነበር። እኔ እኮ በዚያ ነበር የምኮራው።

ትርንጎ፦ አልዋሸችህም። ደህና አድርጎ ነበር የሚታጠበው። አንገቱ እስኪላጥ።

ፈረደ፦ ይህን ሌላ ማን ያውቃል?

ትርንጎ፦ ተፋሁብህ! አባትህ ምን ዋጠ አላልክም፣ ማን ሰማ አልክ። ያ ሰው አንገትህን ቀና እንድታደርግ አንገቱን ሰጠ፤ አንተ ቀና ባለው አንገትህ ሰው ቁልቁል ታይበታለህ።

ፈረደ፦ እታለም፣ እለምንሻለሁ። እብነ በረዱን አወርዳለሁ። እንጉዳይም… ምረቃው ይለፍ፣ እንግዶቹ ይሂዱ፣ ከዚያ በጓሮ በኩል ትግባ።

ትርንጎ፦ በጓሮ የሚገባ ሌባ ነው።

ፈረደ፦ ቄሱስ? ይህን ነገር ቢሰሙ ቤቱን እሺ ብለው ይባርካሉ? ያለ እሳቸው ምን ምረቃ አለ?

ትርንጎ፦ ቄስ ምሕረቱ መጥተዋል።

ፈረደ፦ ነገ አይደለም እንዴ?

ትርንጎ፦ አዳራሹን ቀደም ብለው ሊያዩ መጡ። በሩ ላይ እንጉዳይን አገኟት። ለምን ቆመሽ አሏት። ትእዛዝህን ሳትጨምር ሳትቀንስ ነገረቻቸው።

ፈረደ፦ ወይኔ! አሁን የት አሉ? ለምን ወዲህ አላስገባሻቸውም?

ትርንጎ፦ አልገባም አሉ። «የእኔም አያት ተጠምቃ ነበር» ብለው፣ በርጩማ አስመጥተው ከእሷ ጎን ፀሐይ ላይ ተቀመጡ። «መመረቅ የፈለገ ደጅ ይውጣ» ብለውሃል።