የአስካለማርያም እግርና የአባቷ ክርክር

በሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት ክረምት፣ እኔ በዋጫ ከተማ አስተማሪ ሳለሁ፣ ወደ ቦንጋ የተሳፈርንበት ሚኒባስ ጭቃ ይዞት ቆመ። ሾፌሩ ውረዱና ግፉ አለን። አስካለማርያም የምትባል አንዲት ልጃገረድ ብቻ እግሯን በጋቢ እንደ ሸፈነች ከመቀመጫዋ አልነሣ አለች። ተሳፋሪው ማጉረምረም ሲጀምር አባቷ ጋሽ አምባው፣ «ታማለች፤ ተዉአት» ብለው በሩን ከልለው ቆሙ።

አብራን ለምያ የምትባል ወጣት ነበረች። የቦንጋ ነጋዴ ልጅ ናት፤ ጤና ተምራ የእግር እብጠትን መንስኤ ከሚመረምሩ ሰዎች ጋር ትሠራለች። ጋቢው ሸርተት ሲል ያበጠውን እግር አየችና ወደ ሽማግሌው ጠጋ ብላ ሥራዋን ነገረቻቸው።

«አባቴ፣ ወዴት እየወሰዷት ነው?»

«እህቴ ዘንድ። እሑድ ለታናሿ ሽማግሌዎች ይመጣሉ። ይህን እግር ካዩ በመጡበት ይመለሳሉ።»

«ሊደብቋት ነው እንግዲህ።»

ፊታቸው ጠቆረ። «ያባሳችሁት እናንተ ናችሁ። በዘር ይተላለፍ እንደሆነ እናጥና፣ ምራቅ ስጡን ብላችሁ መጣችሁ፤ አባረርኋችሁ። የአምባው ዘር የተበላሸ ነው ተብሎ ከተጻፈ ልጆቼን ማን ያገባቸዋል?»

«ስም አይጻፍም፤ አልሰጥም ማለትም መብትዎ ነው። ሕክምናው ለሰጠም ላልሰጠም እኩል ነው።»

«ጥያቄዬን አትሽሺ። በዘር ነው ወይስ አይደለም?»

አይደለም ብላ ብታባብላቸው ይቀላት እንደ ነበር ገባኝ፤ ለምያ ግን እውነቱን መረጠች።

«በከፊል አዎን። የሚወረሰው ግን በሽታው አይደለም፤ አፈሩን አለመቻል ነው። በቀዩ አፈር ውስጥ ያለው ደቃቅ ነገር በባዶ እግር ይገባል፤ የማይችለው ሰው እግሩ ያብጣል። ያው ሰው ከልጅነቱ ጫማ ቢያደርግ፣ እግሩን በሳሙና ቢታጠብ ጤነኛ ሆኖ ይኖራል። ከሰው ወደ ሰውም አይጋባም።»

«አይጋባም?» አሉ። «የአባቴም እግር እንዲህ ነበር። እርግማን ነው ብለን እስኪሞት ለብቻው አበላነው።»

ያን ጊዜ አስካለማርያም ከውስጥ ተናገረች። «አባዬ፣ ታናሼም በባዶ እግሯ ነው የምትሄደው። እኔን ደብቀው እሷን ቢድሯት፣ የሚያስጠነቅቃት ሳይኖር እንደኔ ትሆናለች።»

መኪናው ከጭቃው ወጥቶ ቦንጋ ደረስን። መናኸሪያ ስንወርድ ጋሽ አምባው ወደ እህታቸው ቤት መታጠፉን ትተው፣ «ሕክምናው ያለበትን አሳዪን» አሏት ለምያን።

በዓመቱ ቤታቸው ሄጄ ነበር። አስካለማርያም በእግሯ ልክ የተሰፋ ጫማ አድርጋ በሩን ከፈተችልኝ፤ እብጠቱ በጣም ጎድሏል፤ ገበያም ትወጣለች። አባቷ ምራቃቸውን በፈቃዳቸው ሰጥተዋል። ያን እሑድ ምን እንደ ሆነ ጠየቅኋቸው።

«ልጄን አጠገቤ አስቀምጬ ሁሉንም ነገርኋቸው» አሉኝ። «የሙሽራው አባት የልጄን እግር አየና፣ ‹በእኛም ጓዳ እግሩ እንዲህ ያበጠ አንድ አለ› አለ።»

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ጋብቻው አልቀረም፤ ያ የጓዳ ሰው ዛሬ ከአስካለማርያም ጋር ቦንጋ እየሄደ ይታከማል፤ በሁለቱም ቤት የሚወለድ ሕፃን መራመድ ሲጀምር አስቀድሞ የሚገዛለት ጫማ ነው።