ለሌሉ ዓሣዎች የተሰጠ ምሳ

ሰው ስለ ልጅ ትኩሳት ቢጨነቅ ማንም አይስቅበትም፤ እኔ ስለ ገንዳ ውኃ ተጨንቄ ብዕር ማንሳቴን የሰማ ግን መሳቁ አይቀርም። ይሳቅ። የምጽፈው ቤተሰቡን ደስ ላሰኝ ብሎ ዓሣ ገዝቶ፣ ብዙም ሳይቆይ በጎኑ ተንጋሎ ለሚያገኘው ሰው ነው።

ከልጅ ልጄ ጋር ወደ ቤት ስንገባ ደረጃው ላይ ጎረቤታችንን አገኘናቸው። ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ነጂ ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ ጋሽ ሹፌር ይላቸዋል። ባልዲ ይዘዋል። ባልዲው ውስጥ ቀያይ ዓሣዎች ሞተው ይንሳፈፋሉ።

«ምነው ጋሽ ሹፌር?» አልኩ። እኔ ሞት ሳይ፣ የዝንብም ቢሆን፣ ልቤ ድንግጥ ይላል።

«ተዪኝ እትዬ፣ እነዚህም አለቁ። የፊተኞቹም እንዲሁ። ገንዳውን በበረኪና አጥቤ፣ ማጣሪያውን በሳሙና ፈትጌ፣ ውኃውን በየማለዳው ለውጬ! ከዚህ በላይ ምን ንጽሕና አምሯቸው ነው?»

የጋሽ ሹፌር ጭንቀት የዓሣ ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ባለቤታቸው፣ ልብስ ሰፊዋ ወዳጄ፣ ወድቃ ዳሌዋን ተሰብራ ሆስፒታል ተኝታለች። ሐኪሞቹ አሁን ድናለች፣ ተነሥታ መራመድ ትልመድ ይላሉ። እሷ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ «ለምን ብዬ ልነሣ?» ማለት አብዝታለች። ሰውየው ያን ግድግዳ ሊያስረሷት ነው ቤት ባለው አልጋዋ ፊት ለፊት ገንዳ ያቆሙት። መውጫዋም ደርሷል።

የልጅ ልጄ የውኃ ምርመራ ቤት ሠራተኛ ናት። ባልዲውን አየት አድርጋ፣ «ጋሼ፣ የገደላቸው ንጽሕናው ነው» አለች።

ክንዷን ቆንጠጥ አደረግኋት። ልጆች ሲናገሩ ለከት የላቸውም።

«ንጽሕና ገዳይ ሆነ ደግሞ! እትዬ፣ ያስተማርናቸው ለዚህ ነው?»

«አይቆጡኝና አንድ ነገር ልጠይቅዎ። መናኸሪያው አዲስ የተከፈተ ጊዜ ምን ሆነ? ሲያወሩ ሰምቻለሁ።»

«ምን ይሆናል! ሕንፃው ያብለጨልጭ ነበር። የጽዳት ሠራተኛ ሳይቀጥሩ መንገደኛ አስገቡበት። ወዲያው መጸዳጃው ሞላ፣ ቆሻሻው ተከመረ። እኔ መሐረብ አፍንጫዬ ላይ ይዤ ነበር የምገባው።»

«የእርስዎም ገንዳ እንደዚያው ነው፤ ያብለጨልጫል፣ ሠራተኛ የለውም። ዓሣ በልቶ ሲጸዳዳ አሞኒያ የሚባል መርዝ ይወጣል፤ በዓይን አይታይም። በቆየ ገንዳ ውስጥ ይህን የሚበሉ ባክቴሪያዎች አሉ። እነሱ አሞኒያውን ናይትራይት ወደሚባል ሌላ መርዝ ይለውጡታል። ሌሎች ባክቴሪያዎች ደግሞ ያንን ተቀብለው ናይትሬት ያደርጉታል፤ እሱ ብዙም አይጎዳም፣ አልፎ አልፎ ውኃውን በከፊል ሲቀይሩ ይወጣል። አብዛኞቹ ሠራተኞች የሚኖሩት ማጣሪያው ስፖንጅ ላይ ነው።»

ጋሽ ሹፌር ባልዲውን አስቀመጡ። «እኔ በሳሙና የምፈትገው እኮ ስፖንጁን ነው።»

«በየማለዳው ያባርሯቸዋል ማለት ነው።»

«እሺ፣ ይቀጠሩ። የት ነው የሚሸጡት?»

«ቀለብ ካገኙ ራሳቸው ይመጣሉ። ዓሣ ሳያስገቡ፣ ቆንጠር እያደረጉ የዓሣ መኖ ውኃው ላይ ይጣሉ። ሲበሰብስ አሞኒያ ይወጣል፤ እነሱም እሱን እየበሉ ይራባሉ።»

ሰውየው የደረጃውን ብረት ይዘው እስኪያስነጥሳቸው ሳቁ። «ለሌለ ዓሣ ምሳ! ሚስቱ ብትታመም እሱ አበደ ልታሰኚኝ ነው? ለመሆኑ ምን ያህል ይቆያል?»

«ሳምንታት።»

ሳቃቸው ቆመ። «ልጄ፣ እሷ እኮ ልትመጣ ነው። ባዶ ገንዳ ላሳያት?»

ይህን ጊዜ ዝም ማለት አልቻልኩም። «ጋሽ ሹፌር፣ ይህን ባልዲ ይመልከቱት። ተስፋ የቆረጠች ሴት አልጋዋ ላይ ሆና እነዚህ ሲገለበጡ ታያለች? ባዶው ገንዳ ያስጠብቃታል፤ ይሄኛው ግን መልሶ ወደ ግድግዳው ያዞራታል!»

ባልዲውን በመሐረባቸው ሸፈኑት።

የልጅ ልጄ ድምፅዋን አለዘበች። «የጥርስ ሐኪሙ መቀበያ ክፍል ያለው ገንዳ ዓመታት የኖረ ነው፤ ዓሣዎቹም ጤነኞች ናቸው። ከማጣሪያው አሮጌ ስፖንጅ ለምነን የእርስዎ ውስጥ ብንከት ጊዜው ያጥራል።»

«የሰው እድፍ ተሸክሜ ወደ ቤቴ!» አሉ የራሳቸውን ፊት ሳይታጠቡ የአውቶቡሱን ጎማ ያጥቡ የነበሩት ሰው። አሉ እንጂ ሄደው አመጡት፤ እንዳይደርቅ ከነውኃው በላስቲክ አድርገው፣ እጃቸውን የቻሉትን ያህል ከአካላቸው አርቀው። የቧንቧው ውኃ ክሎሪን ባክቴሪያዎቹን እንዳይፈጅ ማርከሻ ጠብታም ጨመሩበት። እኔም «መርዝ ቤት ውስጥ?» እያልኩ እጃቸውን በታጠቡ ቁጥር ቆሜ አየሁ።

ወዳጄ ከሆስፒታል ስትመጣ ገንዳው ውስጥ ያለው እንጨትና ሣር ብቻ ነው። ባሏ መኖ ሲጥሉ አየቻቸው።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«ምሳ እየሰጠሁ።»

«ለማን?»

ሰውየው ወደ እኛ ዞሩ፤ እኛ ወደ ጣሪያው። ከወደቀች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትስቅ ሰማናት። «እኔ ሾርባ በጊዜ አላገኝም፣ እዚህ ቤት የሌለ ዓሣ ይጋበዛል!»

ከዚያ ወዲያ የውኃው ምርመራ የሷ ሥራ ሆነ። የልጅ ልጄ በትንንሽ ብልቃጥ ውኃ ቀድታ ጠብታ ታንጠባጥብበታለች፤ አሞኒያ ካለ አረንጓዴ፣ ከሌለ ቢጫ ይሆናል፤ ናይትራይት ካለ ወይን ጠጅ፣ ከሌለ ውኃ ሰማያዊ። ዕድሜዋን ሙሉ ክር ከጨርቅ ስታመሳስል የኖረች ሴት በቀለም አትታለልም። «ይህ ቢጫ አይደለም፣ አረንጓዴ ለብሶ መጥቷል» ትልና ትመልሰዋለች።

በዚህ መሐል የወዳጄ ታናሽ ወንድም ዓሣ ገዝቶ መጣ። ጋሽ ሹፌር በሩ ላይ ቆሙበት።

«መልሳቸው! ሠራተኞቹ ገና አልተሟሉም!»

«የምን ሠራተኞች?» አለና ዞሮ እኔን አየኝ፤ ሰውየው ጤነኛ ናቸው ወይ እንደማለት።

«አሞኒያውን የሚበሉት ደርሰዋል። ናይትራይቱን የሚበሉት ይቀራሉ። ውሰድ፣ ቀሚስ እንኳ ሳይተኮስ አይለበስም!» ምላሳቸው አንድም አልተደናቀፈም። የልጅ ልጄን ሰረቅ አድርጌ አየኋት፤ ጥርሷን ነክሳ ሳቋን ይዛለች።

በመጨረሻ መኖው በተጣለ ማግስት ቢጫውም ቢጫ፣ ሰማያዊውም ሰማያዊ ሆኖ ዋለ፤ ወዳጄም «ይግቡ» ብላ ፈረደች። ሠራተኞቹ እንዳይጨናነቁ ለመጀመሪያው ጥቂት ዓሣዎች ብቻ ገቡ። ከመካከላቸው አንዷ ፈሪ ኖራ እንጨቱ ጀርባ ተሸሸገች።

«አንዷ የለችም!» አለች ወዳጄ ከአልጋዋ። «ሞታ እንዳይሆን፣ እዩልኝ!»

ባሏ ሊነሡ ሲሉ የልጅ ልጄ እጅጌያቸውን ያዘች። ሁላችንም ካለንበት አልተነቃነቅንም። ወዳጄ አንድ በአንድ አየችን፤ ከዚያ ሐኪሞቹ ተራመጂበት ብለው የሰጧትን፣ እሷ ግን አልነካም ያለችውን መደገፊያ ስባ ጨበጠች።

«ቀስ! ምንጣፉ!» አልኩ እኔ፤ ማን ሰምቶኝ።

እየተንቀጠቀጠች ሄዳ መስታወቱ ላይ ግንባሯን አስደገፈች። «አለች» አለች። «እየበላች ነው።»

አንባቢዬ፣ የመጠበቅን ጥቅም ከዚህ እይ። ያ ገንዳ ከዚያ ወዲህ ሬሳ አላወጣም። ጋሽ ሹፌር በየማለዳው ባልዲ አይሸከሙም፤ ስፖንጁ ሲቆሽሽም በሳሙና ሳይሆን ከገንዳው በተቀዳ ውኃ ጨመቅ አድርገው ይመልሱታል። አዲስ ገንዳ የሚገዛ ሰው ቢያገኙ መናኸሪያውን ሳያወሩለት አይለቁትም።

ምሳ መስጠቱን ግን ተቀምተዋል። እሱን የምትሰጠው ሚስታቸው ናት፤ ቆማ።