ቀፎ ፈላጊና ቀፎ ሠሪ

ከአኖ ወደ ነቀምቴ የሚሄደው ሚኒባስ ሞልቶ ሊነሣ ሲል አንድ ሽማግሌ በበሩ ብቅ አሉ። ብቻቸውን ቢሆኑ ማንም ባላጉረመረመ፤ ችግሩ በሁለት ክንዳቸው ያቀፉት ቢጫ የተቀባ የንብ ቀፎ ነበር።

«ባዶ ነው፣ አይናደፍም!» አሉ ሽማግሌው። ሳቅ ሆነ፤ ቦታም ተገኘላቸው። ያ ቦታ ከሊሊሴ ቀነአ ጎን ስለ ነበር፣ የቀፎው ጠርዝ ጉልበቷ ላይ ዐረፈ።

ሊሊሴ የሃያ አምስት ዓመት ወጣት ናት። ዩኒቨርሲቲ ገብታ የኮምፒውተር ትምህርት ተምራለች፤ አሁን አኖ ላይ ለአንድ የንብ አናቢዎች ማኅበር ግዢና ሽያጭ ትሠራለች። ጠባይዋ ችኩል ነው፤ ሰላምታ እንኳ ሲረዝም መንገድ የዘጋባት ይመስላታል። ያን ዕለት ደግሞ ተበሳጭታለች። ከአዲስ አበባ በጭነት መኪና ያስመጣቻቸውን ሠላሳ ቀፎዎች ስታስወርድ ነበር የዋለችው፤ ከሠላሳው ሰባቱ በመንገዱ መንገጫገጭ ማዕዘናቸው ለቆ ደረሱ።

«አካም ኦልቴ፣ ኢንተላ ኮ?» አሉ ሽማግሌው «እንዴት ዋልሽ፣ ልጄ?» ለማለት፣ ኦሮምኛውን በወሎ ቅላጼ እያዋዙ።

«ነጋ፣ ገለቶማ» ብላ አመሰገነች ሊሊሴ። «ቀፎውን ከየት ገዙት?»

«ገዛሁት? ሠራሁት እንጂ! ገበያ ይዤው ዋልኩ፣ ገበያው መልሶ አሸከመኝ።»

ሊሊሴ ጣቷን በማዕዘኑ ላይ አሳለፈች። እንጨቱ ምስማር ብቻ አልነበረም የያዘው፤ ጥርስ በጥርስ ተናክሶ ተገጣጥሟል። ክዳኑን ከፍታ ንቡ ማር የሚሠራባቸውን የእንጨት ፍሬሞች አየች፤ ልካቸው እኩል ነበር። ማዕዘናቸው የለቀቀው ሰባቱ ትዝ አሏት።

«የት ነው የሚሠሩት?»

«ነቀምቴ፣ በከኒሳ ቀሴ ሰፈር። ከጓሮዬ።»

«በከኒሳ ቀሴ? እኔ እኮ እዚያው ነው የምኖረው! ሦስት ሳምንት ሙሉ ቀፎ ሠሪ ፈልጌያለሁ!»

«የት ፈለግሽኝ?»

«በስልኬ።»

«እኔ ስልክሽ ውስጥ አልኖርም፣ ልጄ» አሉ ሽማግሌው ፈገግ ብለው። «ከቤትሽ ወጥተሽ አንዱን ባለ ባጃጅ ‹የቀፎው ኢስማኢል› ብትዪው ደጄ ድረስ ያደርስሽ ነበር። ጠዋት ከመኪና ሲወርዱ ያየኋቸው ቀፎዎች ያንቺ ናቸው? ማዕዘናቸውን አይቼ ላልቅስ ወይስ ልሳቅ ብዬ ነበር።»

ሊሊሴ የቀፎውን ክዳን መልሳ ገጠመች።

«ለማንኛውም» አሉ አቶ ኢስማኢል ወደ መስኮቱ ዞረው፣ «ቅዳሜ ከባኮ አንድ ነጋዴ መጥቶ የመላጊያ ማሽኔን ይወስዳል። ትእዛዝ ከጠፋ ሁለት ዓመት ሊሆን ነው። ከዚያ በኋላ በስልክሽም ሆነ በጓሮዬ አታገኚኝም።»

ቀኑ የሰኔ መጨረሻ ረቡዕ ነበር። ሊሊሴ ሦስት ቀን እንደ ቀረ ቆጠረች። የሰውየው ማሽን መሸጥ አሳዝኗት አልነበረም፤ ያንገበገባት ሌላ ነው። ደህና ቀፎ የሚሠራ ሰው ገዢ አጣሁ ይላል፤ ገዢዋ እሷ ደግሞ በዚያው ሰፈር ተቀምጣ ሠሪ አጣሁ ትላለች። እንዲህ ያለ ብክነት ማን ያስችለዋል?

«ጋሽ ኢስማኢል፣ ኢንተርኔት ላይ ስምዎን አውጥተው ያውቃሉ?»

«ሞክረነዋል! ልጄ ነፊሳ አምና ገጽ የሚሉትን ነገር ከፈተችልኝ። አንድ ሰው አልደወለም። ደግሞ ያንቺ ኢንተርኔት ስንት ጊዜ ጠፍቶ ከርሟል? የኔ መላጊያ ጠፍቶብኝ አያውቅም።»

ሊሊሴ የገጹን ስም ጠይቃ ፈልጋ አወጣችው። ከላይ የጽጌረዳ አበባ ሥዕል አለ። ከሥሩ «ኢስማኢልና ቤተሰቡ ጠቅላላ የእንጨት ሥራ። ጥራት መለያችን ነው። ለዋጋ በውስጥ መስመር ያናግሩን» ይላል። ሌላ ነገር የለውም።

«ቀፎ የሚል ቃል የታለ?»

«እኔን የሚያውቅ ቀፎ እንደምሠራ ያውቃል።»

«ነቀምቴ የሚልስ?»

«የት እሄዳለሁ ብለሽ ነው?»

አንባቢ ልብ ይበል፤ ሰውየው ሞኝ አይደሉም። ዕድሜ ልካቸውን የሸጡት ለሚያውቃቸው ሰው ነው፤ የሚያውቅህ ሰው ደግሞ ማን እንደ ሆንህና የት እንዳለህ አይጠይቅም። ገጹም የተጻፈው ለዚያ ሰው ነበር። ያ ሰው ግን ፍለጋ አያስፈልገውም።

«ይስሙኝ» አለች ሊሊሴ። «እኔ ስፈልግ ‹ኢስማኢል› ብዬ አልጻፍኩም፤ አላውቅዎትማ። የጻፍኩት ‹ዘመናዊ ቀፎ ነቀምቴ› ብዬ ነው። የፍለጋው ማሽን እነዚህን ቃላት ይዞ በየገጹ ይዞራል። የእርስዎ ገጽ ላይ አንዱንም አላገኘም። የአዲስ አበባው ነጋዴ ግን ቀፎ፣ ፍሬም፣ ዋጋ፣ አድራሻ፣ ሁሉንም ጽፏል። ስለዚህ እሱን አመጣልኝ።»

«እንግዲያ ደላላ ነው በይኛ!»

«ደላላ ነው ይበሉት። ግን ደላላው ጓሮዎን አላየም፤ እንጨቱን አልዳሰሰም። የጻፉትን ነው የሚያነበው፤ ሌሎች ስለ እርስዎ የጻፉትንም ያያል።»

አቶ ኢስማኢል ቀፎውን አስተካክለው አቀፉት። ሚኒባሱ የስሬን ከተማ አልፎ ጥቂት እንደ ሄደ፣ «ደላላው ድርሻው ስንት ነው?» ብለው ጠየቁ።

«እንዲህ ላለው ምንም። ማስታወቂያ የሚሸጠው ለብቻው ነው። ይሄኛው ድካም ነው የሚፈልገው። ገጽን ፈላጊ እንዲያገኘው አድርጎ ማሰናዳት ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ ኤስኢኦ ይሉታል።»

«ነገ ነይ» አሉ ሽማግሌው። «አላመንኩሽም። ግን ነይ።»

*

ሐሙስ ከሰዓት ሊሊሴ ወደ ጓሮው ስትገባ ከዋንዛ ሳንቃ ክምር ጀርባ መላጊያ ማሽኑ በሸራ ተሸፍኖ ቆሟል። አቶ ኢስማኢል በርጩማ ሰጧት። እሷ ግን ቆማ ስልኳን አወጣች።

«ይሄንን የግራፍ መስመር ይዩ። በአገሪቱ ሁሉ ሰዎች ‹ቀፎ› ብለው ምን ያህል እንደ ፈለጉ በየወሩ ያሳያል። የነቀምቴን ለብቻው አያሳይም፣ ቁጥሩ ትንሽ ነው። ግን እዚህ ጋ ይመልከቱ። ዓመቱን ሙሉ ተኝቶ ይከርምና ነሐሴ ላይ ሽቅብ ይወጣል። አምናም እንዲሁ፣ ካቻምናም እንዲሁ። ለምን እንደ ሆነ ግን አልገባኝም።»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አደረጉ። መስመሩን በጣታቸው ተከተሉት፤ ነሐሴ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ።

«አልገባኝም ትያለሽ? የንብ ማኅበር ሠራተኛ ነሽና አልገባኝም?»

«እኔ የምሠራው ግዢ ነው!»

«መስከረም ላይ አበባ ሲፈነዳ ንቡ ይበዛና ለሁለት ይከፈላል፤ መንጋ ያወጣል። ያን ጊዜ ባዶ ቀፎ ያላዘጋጀ ሰው ንቡን ወደ ጫካ ይሸኛል። ስለዚህ ነሐሴ ላይ ሁሉም ቀፎ ቀፎ ይላል።» ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። «ወላሂ፣ ይሄ መስመር ንብ ያውቃል!»

ሊሊሴ ለመጀመሪያ ጊዜ በርጩማው ላይ ተቀመጠች። እሷ መስመሩ ነበራት፣ ምክንያቱ አልነበራትም። እሳቸው ምክንያቱን ዕድሜ ልካቸውን ያውቁታል፤ መስመሩን ግን አላዩትም።

«እርስዎስ ቀፎ መሥራት የሚጀምሩት መቼ ነው?» ብላ ጠየቀች።

«ሲታዘዝ ነዋ። ያልታዘዘ ሥራ እንጨት ማባከን ነው። አባቴም እንዲህ ነበር፤ ቀብድ ሳይቀበል መጋዝ አያነሣም።»

«ሠላሳ ቀፎ ስንት ቀን ይፈጃል?»

«ወር።»

«ነሐሴ አጋማሽ ላይ የጠየቀ ሰው ወር ይጠብቅዎታል? ንቡስ ይቆይለታል?»

አቶ ኢስማኢል መነጽራቸውን አወለቁ። የሳንቃውን ክምርም አንድ ጊዜ ዞር ብለው አዩት።

ከዚህ በኋላ ክርክሩ የበረታው በሁለት ነገር ነው። አንዱ ዋጋ ነበር።

«ዋጋ በአደባባይ አይለጠፍም» አሉ። «ሰው መጥቶ ዕቃውን ዐይቶ፣ ሰላም ተባብለን፣ ከዚያ ነው ዋጋ። በሩ ላይ ዋጋውን የጻፈ ሰው እንግዳ የሚጠላ ይመስላል።»

«የጊምቢ ሰው ዋጋ ለመስማት ነቀምቴ ድረስ ይምጣ? እኔ ራሴ ‹በውስጥ መስመር› የሚል ሳይ ወደ ሌላው እሄዳለሁ። የደበቀው ነገር አለ እላለሁ።»

«እኔ ምን ደበቅሁ?»

«ምንም። ታዲያ ለምን የደበቀ ሰው ይመስላሉ?»

ሁለተኛው ከዋጋው ከበደ። ሊሊሴ ከዚህ በፊት ቀፎ የገዙ ሰዎች ስለ ቀፎው ያዩትን በገጹ ላይ እንዲጽፉ ይለምኗቸው አለች። ሽማግሌው ተነሥተው ቆሙ።

«አመስግኑኝ ብዬ ልለምን? ነውር ነው! ጥሩ ዕቃ ራሱ ይናገራል።»

«ሚኒባስ ውስጥ ጉልበቴ ላይ ስላረፈ ነው የተናገረው፣ ጋሽ ኢስማኢል። ከሁሉም ሰው ጉልበት ላይ ሊያስቀምጡት ነው? ምስጋና አይለምኑ፤ ምስክርነት ይጠይቁ። ገበያ ላይ ‹ከዚህ በፊት ለማን ሠራህ?› ሲሉዎት ስም አይጠሩም?»

«እጠራለሁ።»

«ይኸው ነው። የከፋውም ሰው የከፋውን ይጻፍ፤ እርስዎም በትሕትና ይመልሱለት። ውሸት ግን አንድ ቃል አንጽፍም፤ ውሸት የጻፈ ገጽ አንድ ቀን ይገለጣል፣ ያን ጊዜ ደላላውም ገዢውም ይሸሹታል።»

አቶ ኢስማኢል እያመነቱ የድሮ ደንበኞቻቸውን ቁጥር ከደብተር አወጡ። መጀመሪያ የደወሉት አርጆ ላለ ሞረዳ ለሚባል ንብ አናቢ ነበር። ሊሊሴ እንድትሰማ ድምፁን ከፍ አደረጉት።

«ኦቦ ኢስማኢል? አሉ እንዴ!» አለ ሞረዳ። «አምና ነሐሴ ሃያ ቀፎ ፈልገን ስልክዎ ጠፋብን። በኢንተርኔት ‹ቀፎ ነቀምቴ› ብለን ብንፈልግም የሉም። እኛማ አርፈዋል ብለን ነፍስ ይማር ብለናል!»

«ታዲያ ቀፎውን ከማን ገዛችሁ?»

«ከሩቅ አስመጣን። በክረምቱ እርጥበት ክዳኑ ሁሉ ተጣመመ።»

አቶ ኢስማኢል ስልኩን ዘግተው ሳንቃው ላይ ቁጭ አሉ። 

«በቁሜ ነፍስ ይማር ተባልኩ» አሉ። «እሺ። ጻፊ።»

ያን ዕለት ከነፊሳ ጋር ሆነው ገጹን እንደ አዲስ ሠሩት። ጽጌረዳው ወጣ፤ የቀፎው ማዕዘን ፎቶ ገባ። «ዘመናዊ የንብ ቀፎ በነቀምቴ» የሚለው ከላይ ተጻፈ፤ በኦሮምኛም ተደገመ፣ ግማሹ ፈላጊ በኦሮምኛ ነውና። ዋጋውና ስልኩ ተጻፈ፤ የጓሮው ቦታ በካርታ ላይ ተጠቆመ። ሽማግሌው ክዳን በክረምት ለምን እንደሚጣመም ተናገሩ፤ ነፊሳ ጻፈችው።

«ታዲያ ቅዳሜ ስንት ሰው ይደውላል?» አሉ።

ሊሊሴ መዋሸት ትችል ነበር። «ማንም» አለች። «ደላላው አዲሱን ጽሑፍ አግኝቶ እስኪያምነው ሳምንታት ይፈጃል፤ ወራትም ሊሆን ይችላል። በሁለት ቀን አንደኛ አደርግሃለሁ የሚል ሰው ከመጣ ከደጅ ይመልሱት።»

«ማሽኔን ግን ቅዳሜ ሊወስዱት ነው።»

«ዐውቃለሁ።»

«ስትቸኩዪ አይቼሽ ነበር» አሉ ሽማግሌው። «አሁን ታገሥ ትይኛለሽ።»

*

ቅዳሜ ጠዋት ሊሊሴ ወደ አቶ ኢስማኢል ቤት ስትታጠፍ አንድ ፒክአፕ በሩ ላይ ቆሞ አየች። ዘገየሁ ብላ እርምጃዋን አፈጠነች። ወዲያው ግን ከአጥሩ ውስጥ የማሽን ድምፅ ሰማች።

ነጋዴው እጆቹን አጣምሮ ጓሮው ውስጥ ቆሟል። አቶ ኢስማኢል ሳንቃ እየላጉ ከማሽኑ ድምፅ በላይ ይጮኻሉ፤ «ይቅርታ ወንድሜ! ሥራ ይዟል!»

«የማን ትእዛዝ ነው?» አለ ነጋዴው።

«የነሐሴ!»

ሐምሌን ሙሉ ማንም ሳያዝዛቸው ሳንቃ ላጉ። ስልኩ አልጮኸም። ነፊሳ ሁለት ጊዜ «አባዬ፣ ቢቀርስ?» አለች፤ ሁለት ጊዜም «አብሽሪ፣ አይዞሽ» ብለው መለሱላት። በሌሊት እንቅልፍ ወስዷቸው እንደ ሆነ እሳቸው ያውቃሉ።

ነሐሴ በገባ በስድስተኛው ቀን ማስተዋል የምትባል ሴት ከጊምቢ ደወለች፤ ለሴቶች ማኅበር ዐሥራ ሁለት ቀፎ ትፈልጋለች። ዋጋውን አንብባዋለች፤ የክዳኑንም ነገር አንብባዋለች። የቀራት ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፤ መቼ ይደርሳል?

«ሐሙስ» አሉ አቶ ኢስማኢል። «ቆይ፣ አትዝጊው። እኔን ስትፈልጊ ምን ብለሽ ጻፍሽ?»

«‹ለጀማሪ የሚሆን ቀፎ ወለጋ› ብዬ።»

የአናጢ እርሳሳቸውን ከጆሯቸው ላይ አነሡና ቃሏን እንዳለ በአንድ ቁራጭ ሳንቃ ላይ ጻፉት።

*

የመስከረም የመጀመሪያ ሳምንት ሊሊሴ እየተጣደፈች መጣች። የአዲስ አበባዎቹ ቀፎዎች በክረምቱ ተከፋፍተዋል፤ ማኅበሩ ሃያ ቀፎ በአስቸኳይ ይፈልጋል።

«ወረፋ አለ፤ ስድስተኛ ነሽ» አሉ አቶ ኢስማኢል።

«ጋሽ ኢስማኢል! ገጹን የሠራሁልዎት እኔ!»

«ገለቶሚ። ስድስተኛ ነሽ። ከቸኮልሽ በስልክሽ ፈልጊ።» ነፊሳ ሳቋን በሻርፗ ሸፈነች።

ሊሊሴ በርጩማ ስባ ተቀመጠች። ሽማግሌው ያንን ቁራጭ ሳንቃ አመጡና ጉልበቷ ላይ አኖሩት። ከላይ እስከ ታች በእርሳስ ተሞልቷል፤ የደወለ ሰው ሁሉ ምን ብሎ እንደ ፈለጋቸው።

«ድሮ የምሠራው የሚያውቀኝ ሰው እስኪመጣ እየጠበቅሁ ነበር» አሉ። «አሁን የማያውቀኝ ሰው ምን እንደ ቸገረው፣ መቼም እንደሚቸግረው ቀድሜ ዐውቃለሁ። ለጎረቤቴ ለበር ሠሪውም ይሄንኑ ብዬዋለሁ። በር ሠሪ ነህ፣ በር ሠሪ ነኝ ብለህ ጻፍ፤ የት እንዳለህ፣ በስንት እንደምትሸጥ ጻፍ፤ ሰው የሚጠይቅህን ሰምተህ መልሱን ጻፍ፤ ወሩ ሳይደርስ ተዘጋጅ። እምቢ ብሎኛል። እሱንም በቁሙ ነፍስ ይማር እስኪሉት ይጠብቅ።»

ከዚያም በእርሳሳቸው ጫፍ ከሳንቃው መካከል አንዱን መስመር ነኩ። «ይሄ አራት ጊዜ መጥቷል፤ ‹ንብ ቀፎ ጥሎ ለምን ይሄዳል?› ገጻችን ላይ መልሱ የለም። እኔ ዐውቀዋለሁ።» ዞር ብለው ሲያጓራ የቆየውን ማሽን አጠፉ። «ቁጭ ካልሽ አይቀር፣ ኢንተላ ኮ፣ ጻፊ።»