ሐዳሳን የሚነካ እጅ

ሐዳሳ የሚጥል በሽታዋ ተነሥቶባት ጃጁራ ገበያ መሃል ወድቃ ስትንፈራገጥ፣ ለዚሁ የምትይዘው ማግኔት እጇ ላይ ታስሮ ነበር፤ የነካት ግን የለም። ሰው ሁሉ ክብሪት ለኩሶ ሊያሸታት ተሯሯጠ። ርቀው ከቆሙት አንዱ አባቷ ጋሽ ጠና ነበሩ።

በማግስቱ፣ የሆነውን ከሰማሁ በኋላ፣ ሆሳዕና ከተማ አንድ ባጃጅ ውስጥ ከሳቸው ጋር ድንገት ተገናኘን። እኔና ሐዳሳ ዩኒቨርሲቲ አብረን ስለተማርን አባቷን በደንብ አውቃቸዋለሁ።

«ጋሽ ጠና፣ ማግኔቱን ለምን አላሳለፉላትም?»

«ሰሎሜ፣ ዩኒቨርሲቲ ‹እንዴት አደሩ› ማለት አያስተምርም?»

«እንዴት አደሩ? ለምን አላሳለፉላትም?»

ሳቅ አመለጣቸው፤ ወዲያው ግን ፊታቸው ጠቆረ። «ለሃጩ ይጋባል። ደግሞ ሕንድ ድረስ ሄዳ ደረቷ ውስጥ ያስቀበረችው ማሽን እያለ ከወደቀች፣ የኔ እጅ ምን ይጨምራል? አሁንማ ቦኖሻ ሄጄ ላስተምር ትላለች። አልለቃትም!»

ሐዳሳ ዛሬ ቦኖሻ ካልተገኘች የመምህርነት ቦታው ለሌላ ሰው ይሰጣል። ስለዚህ ቤታቸው ድረስ ተከተልኳቸው። እሷ ሻንጣዋን አጠገቧ አድርጋ ተቀምጣለች።

«ማሽኑ በሽታውን ነቅሎ አያጠፋም፤» አልኳቸው። «መድኃኒት ብቻውን ያልገታውን ያዳክማል። አንገቷ ውስጥ ባለው ነርቭ በኩል ወደ አንጎሏ ምልክት ይልካል። ሲጥላት ማግኔቱን በደረቷ ልብስ ላይ ቢያሳልፉት ተጨማሪ ምልክት ይልካል፤ ቶሎ ሊተዋት ይችላል። በለሃጭ ግን አይጋባም፤ የአንጎል ሕመም ነው።»

«የነካ ሰው ሲታመም አይተናል።»

«ማን ይባላል?»

«እኔማ ሲወራ ነው የሰማሁት።»

«አባዬ፣» አለች ሐዳሳ፣ «ከልጅነቴ ጀምሮ ስነቃ የማየው ጫማህን ነው፤ እዚያ ግድግዳው ጥግ። አንድ ቀን እጅህን ባገኘው እያልኩ አደግሁ። ሕንድ የሄድኩትም ሰው እንዳይሸሸኝ ብዬ ነው። እስቲ አሁን ደህና ሆኜ ሞክረው።»

ጋሽ ጠና ማግኔቱን እንደ ፍም ያዙት።

«እዚያው አይያዙት፤ ያሳልፉና ያንሡ፤» አልኩ።

አሳለፉት።

«በርታ አባዬ፣ እንዲህ...» ስትል ድምፅዋ ሻከረ።

«ምነው! ምን አደረግሁሽ?»

«ምንም። ማሽኑ እየሠራ ነው፤ ምልክት ሲልክ ድምፄ ይሻክራል፣ አሁን ይመለሳል፤» አለች በዚያው ሻካራ ድምፅ እየሳቀች።

እጃቸው ትከሻዋ ላይ ቀረ። እኔ ማስረዳቴን ልቀጥል ነበር፤ የሚያዳምጠኝ ግን ጠፋ።

«ቦኖሻስ ማን አለሽ?» አሉ በመጨረሻ።

«የቤት አከራዬ ገነቴ አለች፤ መምህራኑም አሉ። ስወድቅ በጎኔ አስተኙኝ፣ አፌ ውስጥ ምንም አትጨምሩ፣ ቶሎ ካልተወኝ ጤና ጣቢያ አድርሱኝ እላቸዋለሁ። ማግኔቱንም አሳያቸዋለሁ።»

«ክብሪቱንስ?»

«መብራት ሲጠፋ ሻማ ያብሩበት!»

እንዲህ ያለው ማሽን የሚደርሰው ለጥቂቶች ነው፤ በጎን የሚያስተኛ እጅ ግን የሌለበት ቤት የለም። ጎረቤት የሚያደርገውን ካወቀ፣ የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ከጓዳ ወጥቶ ይማራል፣ ያስተምራል፣ ይነግዳል። ይህን ስላቸው ጋሽ ጠናም ተቀበሉ፤ «ጃጁራ ገበያ ርቀው ለቆሙት ሁሉ እኔው እነግራቸዋለሁ፤» አሉ። ከዚያም ኮታቸውን አነሡ። «በይ፣ ቦኖሻ ድረስ ላድርስሽ።»

«አባዬ፣ ብቻዬን መሄድ ናፍቆኛል።»

ቆመው አዩዋት። ኮታቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። ሐዳሳ እጃቸውን ሳመች፣ ሻንጣዋን ይዛ ወጣች፤ በሩንም ዘጋችው።