ሚስተር ሂራኖ ለወንድማቸው የደወሉ ዕለት

ጋሽ ሃብቴ ከመጋዘን ሥራ ዴንቨር አጠገብ ወዳለችው ኦሮራ ሲመልሱን መኪና ውስጥ ያጫወቱን ነው። እንዳወሩት ጻፍኩት።

እኛ በሽተኛ በቫን በምናመላልስበት ጊዜ፣ በፈረንጅ ሁለት ሺህ ስድስት ሰባት ገደማ መሆኑ ነው፣ ያኔ መንገዱን የሚነግርህ ስልክ የለም፣ መንገዱ ሁሉ ጭንቅላትህ ውስጥ ነው፣ ሰዉም እንደዛው። ማን አልተኛም፣ ማንን ልጁ አልጠየቀውም፣ ሁሉንም ትሰማለህ። ሾፌር ማለት ጆሮ ነው። እየሰማኸኝ ነው? ከፊት የተቀመጥክ እንዳትተኛብኝ፣ ዳንኤልን ተወው፣ እሱ ከኋላ ገና ሳንነሳ ነው የሞተው።

ታዲያ አንድ ጃፓናዊ ሽማግሌ ነበሩ፣ ሚስተር ሂራኖ የሚባሉ። ሎውሪ የሚባል ሰፈር፣ የሽማግሌዎች አፓርታማ ውስጥ፣ ሚስታቸው ሞታ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ኩላሊታቸው ሥራ አቁሟል፣ እና ኮልፋክስ መንገድ ላይ ወዳለው ዳያሊስስ አደርሳቸዋለሁ፣ ደማቸው ታጥቦ ሲያልቅ እመልሳቸዋለሁ። "ሃብቴ-ሳን" ነው የሚሉኝ። ሳን ማለት እንደኛ አቶ ነው። እዚህ አገር አቶ ብሎ የጠራኝ እሳቸው ብቻ ናቸው፣ የገዛ ልጄ እንኳ "ሄይ ዳድ" ነው የሚለኝ።

እና ቀኝ እጃቸው ከትከሻ በላይ አይወጣም። የመኪናውን ቀበቶ ስቤ የማስርላቸው እኔ ነኝ። አንድ ቀን ታዲያ "አደጋ ደርሶብዎት ነው?" አልኳቸው።

"ቤዝቦል ነው" አሉኝ።

ሳቅኩ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሳቅኩ። "ቤዝቦል ሰው ይጎዳል እንዴ? ቆመው ሱፍ እየቆረጠሙ የሚተፉበት ጨዋታ አይደል?" አልኳቸው። እሳቸው አልሳቁም። ያን ሰሞን እዚህ ዴንቨር ቡድን ውስጥም አንድ ጃፓናዊ ይጫወት ነበር፣ ከተማው ሁሉ ስሙን ይጠራል፣ "ስታዲየም ልውሰድዎት" ስላቸው "አልፈልግም" ብለውኛል። ያኔ ነው ነገሩ ቀልድ እንዳልሆነ የገባኝ።

ታዲያ ያጫወቱኝ ጀመር። ጃፓን በጋ በመጣ ቁጥር፣ ከየክፍለ ሀገሩ ያሸነፈ ትምህርት ቤት አንድ ትልቅ ስታዲየም ይሰበሰባል አሉ። ልጆቹ ጭንቅላታቸውን ተላጭተው፣ ሜዳው ሲገቡ እጅ ይነሳሉ፣ እኛ የቤተክርስቲያን ደጅ እንደምንሳለም በለው። አገሩ በሙሉ ሥራ አቁሞ ያያቸዋል። አንዴ ከተሸነፍክ ግን አለቀ፣ ወደ ቤትህ ነው። ስለዚህ ጎበዝ ፒቸር፣ ማለት ኳስ ወርዋሪው ልጅ፣ ዛሬም ይወረውራል፣ ነገም ይወረውራል፣ እስኪሸነፍ ድረስ እሱው ነው።

"ሌላ ልጅ አይተካውም?" አልኳቸው።

"ይተካዋል። ግን ማን አፍ አውጥቶ ይጠይቃል?" አሉኝ።

እሳቸው ያ ልጅ ነበሩ፣ አየህ። አሥራ ሰባት ዓመታቸው ነው። ኳሱን ቁጢጥ ብሎ የሚቀበላቸው ደግሞ የገዛ ታናሽ ወንድማቸው። ታዲያ ቡድኑ ያረፈበት ሆቴል፣ ጠዋት ሲነሱ እጃቸው አልነሳም አለ። ወንድማቸው ፊታቸውን አጠበላቸው፣ የሸሚዛቸውን ቁልፍ ቆለፈላቸው። "ለአሠልጣኙ እንዳትናገር" አሉት። ልጁ ምን ያድርግ፣ ታላቁ ነው ያዘዘው፣ ዝም አለ። እሳቸውም ወጥተው ወረወሩ። እና ስማቸው ስለገነነ አንድ የፕሮፌሽናል ቡድን ወሰዳቸው፣ በዓመቱ እጃቸው የሞተ መሆኑን ሲያዩ ከሁለተኛው ቡድን ጋር ኳስ ያስለቅሟቸው ጀመር፣ ከዚያ አሰናበቷቸው።

"ፕሮፌሽናሎቹ ክፉ አልነበሩም" አሉኝ። "ዕቃ ገዙ፣ ዕቃው የተሰበረ ሆነ።"

ቂማቸው ታዲያ በማን ላይ ነው? በወንድማቸው! "አይተህ እንዴት ዝም ትላለህ" ብለው ተለያዩ፣ ባሕር ተሻግረው መጡ፣ ስንት ዘመን ሙሉ አንድ ቀን አልተነጋገሩም።

"እንዳትናገር ያሉት እርስዎ አይደሉ እንዴ?" አልኳቸው። ደፈርኳቸው።

"እኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር" አሉ። ደግሞ "እሱም አሥራ ስድስት" አሉ።

ታዲያ ነሐሴ ላይ አንድ ቀን ፊታቸው ጠቁሮ ቫኑ ውስጥ ገቡ። እህታቸው ከጃፓን ደውላ ነው። ያ ወንድማቸው አሁን የዚያው ትምህርት ቤት አሠልጣኝ ሆኗል፣ ፒቸሩ ደግሞ የልጁ ልጅ ነው፣ ለበጋው ውድድር አልፈዋል። የፕሮፌሽናል ቡድን ሰዎችም መጥተው ልጁን እያዩት ነው። እህትየው ደስ ብሏት ነው የምታወራው፣ እና መሀል ላይ ሳታስበው "ልጁ ግን ሰሞኑን ምግብ የሚበላው በግራ እጁ ነው" አለች። ግራኝ አይደለም እኮ። እሷ አልገባትም፣ ለሚስተር ሂራኖ ግን ገባቸው።

"መደወል አለብኝ" አሉኝ። "ከሚቀጥለው ጨዋታ በፊት ልጁን እንዲያስቀምጠው ልነግረው ይገባል።"

"ይደውሉዋ!"

"ምን ብዬ እንደምጀምር አላውቅም። ሃብቴ-ሳን፣ አንተ ወንድሜ ሁን።"

"እንዴት ነው የምሆነው?"

"ስልኩን አንሳ።"

በአንድ እጄ መሪ ይዤ፣ ሌላውን እጄን ጆሮዬ ላይ አደረግኩና "አሎ!" አልኩ።

"እኔ ነኝ" አሉ፣ ቀስ ብለው።

"አንተ ማነህ?"

"ታላቅ ወንድምህ።"

እኔ ደግሞ ሐበሻ አይደለሁ፣ ግንፍል አልኩ። "አንተ! የት ነበርክ! እናታችን ስትሞት የት ነበርክ! ይሄን ሁሉ ዘመን ጠፍተህ ዛሬ በምን አፍህ ነው ወንድሜ የምትለኝ!" አልኳቸው።

"ቀስ በል፣ ቀስ በል" አሉ፣ እየሳቁ። ሲስቁ ያየኋቸው ያኔ ብቻ ነው። "ወንድሜ እንዲህ አይጮህም።"

"ታዲያ ምን ይላል?"

"ምንም አይልም። የሚከብደው እሱ ነው።"

እና ተለማመድን። ቀይ መብራት በያዘን ቁጥር ነው የምንለማመደው። አሥራ አምስት ቁጥር ባስ ጎናችን ሲቆም ሰዎቹ ያዩናል፣ ሁለት ትልቅ ሰው ባዶ እጃቸውን ጆሮ ላይ አድርገው ሲነታረኩ! እሳቸው "ልጁን አስቀምጠው፣ ያን እጅ እኔ አውቀዋለሁ" ይላሉ፣ እኔ ዝም እላለሁ፣ እሳቸው ይደግሙታል፣ እኔ ዝም እላለሁ። ዝም ማለት እንዲህ ይከብዳል እንዴ? እኔን አቃተኝ።

ከዚያ የስልክ መደወያ ካርድ ልገዛ ኮልፋክስ ላይ ያለው የሐበሻ ሱቅ ገባሁ፣ የሚስተር ሂራኖ ስልክ ውጭ አገር አይደውልም። ባለሱቋ "ኤርትራ ነው ኢትዮጵያ?" አለችኝ።

"ጃፓን" አልኳት።

"ጃፓን ደግሞ ማን አለህ ሃብቴ? ሌላ አገባህ እንዴ?"

"ወንድም አለኝ" አልኳት። አፌ ላይ የመጣው እሱ ነው።

ታዲያ ከዳያሊስስ ሲወጡ ከሕንፃው ጀርባ ፓርክ አደረግኩ። እዚህ ማምሻው ነው፣ እዛ ግን የነገው ጠዋት። ካርዱን ፋቅኩ፣ ያን ሁሉ ቁጥር መታሁ፣ የሆቴሉን ስልክ እህታቸው ሰጥታቸዋለች፣ እና ሲጠራ በግራ ጆሯቸው ያዝኩላቸው። ሽማግሌው ኮሌታቸውን አስተካከሉ! ለስልክ! ወንድማቸው ሲቀርብ ደግሞ ለቫኑ መስታወት እጅ ነሱ።

ጃፓንኛ አልሰማም እኔ፣ ግን ስለተለማመድን የት እንደደረስን አውቃለሁ። ስማቸውን ተናገሩ። ከዚያ ወዲያ ጸጥ። እንዳሉትም ምንም አላለም። ሄደ ብዬ ነበር፣ ትንፋሹ ግን ይሰማል። ከዚያ ያቺን ዓረፍተ ነገር ተናገሯት፣ አወቅኳት፣ በልኳ አወቅኳት። በልቤ "ጎበዝ!" አልኩ። ወንድማቸው ጥቂት ነገር አለ፣ ቀስ ብሎ። እና ፊታቸው ተለወጠ። ወዲያው ደግሞ ሌላ ድምፅ መጣ፣ የልጅ ድምፅ፣ እንደ ወታደር "ሃይ! ሃይ!" የሚል፣ አቤት አቤት እንደማለት ነው።

አፋቸውን ከፈቱ። እኔ በእጄ "ይንገሩት! ይንገሩት!" እላለሁ። አፋቸውን ዘጉ። ልጁ እዛ ይጮሃል፣ ደስ ብሎታል። እንደገና ከፈቱና አንድ ቃል ብቻ አሉ። "ጋንባሬ" አሉ። እጅ ነሱ፣ ስልኩን መለሱልኝ።

"ነገሩት?" አልኳቸው።

"ለወንድሜ ነገርኩት።"

"ምን አለ?"

"'ልጁም ያኔ እንዳንተ ለማንም እንዳትናገር ብሎኛል፣ አጠገቤ ነው ያለው፣ አንተ ራስህ ንገረው' አለኝ።"

"ታዲያ ለልጁስ?"

"ልጁ 'አያቴ፣ ስምዎን አላሳፍርም፣ ነገም እኔ ነኝ የምወረውረው' አለኝ።"

"እና ያቺ ቃል ምንድን ናት?"

"በርታ ማለት ናት" አሉኝ።

ተናደድኩ። እውነቴን ነው የምልህ፣ መሪውን መታሁት። "ካርዱ ገና አላለቀም፣ መልሰን እንደውል!" አልኳቸው።

"ለልጁ አልተለማመድንም፣ ሃብቴ-ሳን" አሉኝ። ቀበቶውን አሰርኩላቸውና ወደ ሎውሪ ነዳሁ።

አሸነፉ ያን ጨዋታ፣ መቼም። በሚቀጥለው ግን መሀል ላይ ኳሱ ሳይደርስ መሬት ይወድቅ ጀመር አሉ፣ ልጁም አልወጣም፣ ያወጣውም የለም፣ እዚያው ቆሞ ተሸነፉ። እዛ አገር ደግሞ የተሸነፉ ልጆች ከስታዲየሙ አፈር በከረጢት ዘግነው ነው የሚሄዱት፣ ለማስታወሻ፣ እያለቀሱ። እህትየው በቴሌቪዥን አይታው ነው የነገረቻቸው። ቀኝ እጁ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተንጠልጥሎ በግራው ነው የዘገነው። የፕሮፌሽናሎቹ ሰዎች አፈሩ ሳይዘገን ተነስተው ሄደዋል።

ሚስተር ሂራኖ ከዚያ ወዲህ ቫኑ ውስጥ ሬዲዮ እንኳ አላስከፈቱኝም። "እንደውል?" ስላቸው በመስኮት ያያሉ። የዚያን ዓመት በረዶ ሳይቀልጥ አረፉ። ቀብራቸው ላይ እኔና አንዲት የዳያሊስስ ነርስ ነበርን፣ በቃ። ልጁም እጁን ሐኪሞች ቀደዱለት እንጂ ወደ ጨዋታ አልተመለሰም፣ ወደብ ላይ ሣጥን ይጭናል ሲሉ ሰምቻለሁ።

እስከ ዛሬ የሚያበሽቀኝ ምን መሰለህ? ክፉ ሰው የለበትም እኮ። አሠልጣኙ የገዛ አያቱ ነው። ሚስተር ሂራኖ እንደሆኑ ወርቅ ሰው። ልጁም እነሱን ላለማሳፈር ነው። ሁሉም ይዋደዳሉ፣ ሁሉም ያውቃሉ። ታዲያ ያን እጅ ማን በላው? እስቲ አንተ ንገረኝ፣ ያን ስልክ ይዘህ ቢሆን ምን ትለው ነበር?

"እኔም በርታ ነበር የምለው፣ ጋሼ" አልኳቸው፣ ከፊት ወንበር ሆኜ። "እናቴም ከአገር ቤት ስትደውል ሌላ ነገር አትለኝም።"