የወይዘሮ ወለላ ሳፋ

ቃሊቲ፣ የፕላስቲክ ዕቃ መጋዘን ውስጥ፤ የዕቃ ቤት ኃላፊው ጋሼ ድንበሩ በሩን እንደያዙ፣ ሶስና ላፕቶፕ ታቅፋ ቆማለች።

ጋሼ ድንበሩ፦ ሳፋ የለም አልኩሽ! ሙሽራዋ በባልዲ ትታጠብ።

ሶስና፦ የምን ሙሽራ ጋሼ? ሶፍትዌሩን የገጠምኩት ሶስና ነኝ።

ጋሼ ድንበሩ፦ ውይ፣ አፈር በበላሁ! ከጠዋት ጀምሮ የሚመጣው ሁሉ ሰርገኛ ነው። ግቢ ልጄ።

ሶስና፦ ኮምፒውተሩ ግን አንድ ትልቅ ሳፋ አለ ይላል።

ጋሼ ድንበሩ፦ አለ። ግን የለም።

ሶስና፦ ጋሼ፣ እባክዎ! ሽያጩም፣ ግዢውም፣ ማድረሻውም የሚያምነው ይኼንን ኮምፒውተር ነው። የድርጅቱ ባለቤት እትዬ አምሳለ ከቤታቸው ሆነው በስልካቸው እያዩ ነው፤ የኮምፒውተሩ ቆጠራ ከመጋዘኑ ጋር ካልተስማማ ሶፍትዌሩን አልገዛም ብለዋል። ለእኔ ደግሞ የመጀመሪያ ሥራዬ ነው።

ጋሼ ድንበሩ፦ እንግዲያው ቀስ ብለሽ ነይ። ከመደርደሪያው ሥር እይ።

ሶስና፦ ድመት!

ጋሼ ድንበሩ፦ ወለላ ትባላለች። ትናንት ሳፋው ውስጥ ወለደች።

ሶስና፦ ታዲያ ካርቶን እናንጥፍላትና…

ጋሼ ድንበሩ፦ አራስ ከመኝታዋ ልታስነሺ? አንቺ ሴት አይደለሽም? ይልቅ እንኳን ማርያም ማረችሽ በያት።

ሶስና፦ እንኳን ማርያም… ኧረ ምን እያልኩ ነው! አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ አሉ፤ ድመት በወለደች እኔ ልባረር?

ጋሼ ድንበሩ፦ ኮምፒውተሩ ላይ “ድመት የወለደችበት” በይዋ።

ሶስና፦ እንዲህ የሚል የለውም። “ደህና”፣ “የተሰነጠቀ”፣ “ለደንበኛ የተያዘ” ብቻ ነው።

ጋሼ ድንበሩ፦ ታዲያ ተይዟል አይደል? በደንብ ነው የተያዘው!

ሶስና፦ የደንበኛ ስም ይጠይቃል።

ጋሼ ድንበሩ፦ ወለላ።

ሶስና፦ የአባት ስም?

ጋሼ ድንበሩ፦ ድንበሩ በይ። ያሳደግኳት እኔ ነኝ።

ሶስና፦ አድራሻ… እዚሁ። ስልክ፣ የእርስዎ። ይኸው ተቀበለ! አሁን ምንም አልጎደለም።

ጋሼ ድንበሩ፦ ቆይ፣ መልእክት ገባልኝ። “ክብርት ወይዘሮ ወለላ ድንበሩ፣ ያዘዙትን ሳፋ የሚያደርስልዎ ሾፌር ተመድቧል።”

ሶስና፦ ወይኔ! ለካ የተያዘ ዕቃ ሁሉ በራሱ ወደ ማድረሻው ይሄዳል!

ጋሼ ድንበሩ፦ ከየት ወስዶ የት ሊያደርስ?

ሶስና፦ ከዚህ ወስዶ እዚህ! ጥሩንባውም ይኸው፤ በር ላይ ደርሷል። ጋሼ፣ እኔ ከባልዲዎቹ ጀርባ ነኝ፤ እርስዎ ያናግሩት።

ጋሼ ድንበሩ፦ ኧረ አንቺ ልጅ! ተማርኩ ብለሽ ከባልዲ ጀርባ? እሺ፣ እሄዳለሁ።

ሶስና፦ ጋሼ?… ጋሼ፣ ሄደ?

ጋሼ ድንበሩ፦ ውጪ፣ ሄዷል። ሳፋውን ካለበት ሳያነሳ አስረከበኝ፤ በወለላ ስም ፈረምኩ። እትዬም ደውለው ነበር፤ “ዕቃ እንዲህ ፈጥኖ ሲደርስ አይቼ አላውቅም” ብለው ሶፍትዌሩን ገዝተውታል።